ባዶ ጠርሙሱ የት እየቀረ ነው? እባካችሁ አማክሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ የለስላሳና የቢራ ማከፋፈያ ነው የማስተዳድረው። ሽያጩ ደህና ነው። ያስቸገረኝ ባዶው ነው።

እንደምታውቁት አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል። ፋብሪካው ሙሉ የሚሰጠን ባዶ ስንመልስ ነው። ካጎደልን የጠርሙሱንም የሳጥኑንም ዋጋ ከፍለን ነው የምንጭነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ ከሹፌሩ ጋር ሆነን የመጣውን ባዶ አንድ በአንድ ቆጠርን። አንዱ ሳጥን ውስጥ ሦስቱ አፋቸው የተሸረፈ፣ ሁለቱ የሌላ ፋብሪካ ጠርሙስ፣ አንዱ ውስጥ ደግሞ የሲጋራ ቁራጭ። ረዳቱ ግን "24 ሙሉ" ብሎ ፈርሞ ነው የተረከበው። እሱ ላይ አልፈርድም። ግሮሰሪው በር ላይ፣ ከኋላ መኪና ክላክስ እያደረገበት፣ ቆሞ መቁጠር ከባድ ነው።

ጥፋቱ የኛ የአስተዳደሩ ይመስለኛል። ኮሚሽን የምንከፍለው በሸጡት ብቻ ነው፤ ለመለሱት ምንም የለም። ስለ ባዶው የሚጠየቅ አንድ ሰውም የለንም። መያዣ ማስያዝ ሞክረን ነበር፤ የቆዩ ደንበኞች "አታምኑንም ወይ?" ብለው ተቀየሙን፣ ተውነው።

እዚህ ሥራ ላይ የቆያችሁ፣ ለተመለሰ ባዶ ለሹፌርና ለረዳት የምትከፍሉት ነገር አለ? ለውጥ አመጣ? የእያንዳንዱን ደንበኛ የባዶ ሂሳብ ከብር ዱቤው ለይታችሁ ነው የምትይዙት? መያዣውንስ ደንበኛ ሳይቀየም እንዴት ጀመራችሁት? የርክክብ ቅጽ ያለው ካለ ቢያሳየኝ ውለታውን አልረሳም። የወሩ መጨረሻ ቆጠራ ሳይደርስ አንድ ነገር መጀመር አለብኝ።