ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ልኖር ነው፤ ለኩሽና ምን ምን ልግዛ?

አዲስ_ተከራይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ስላገኘሁ ከቤተሰብ ወጥቼ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራይቻለሁ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ በሚቀጥለው ወር እገባለሁ። ኩሽናው ባዶ ነው። ያለው አንድ ሲንክና አንድ ሶኬት ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አከራዬ ነግረውኛል፣ መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል ብለውኛል።

ወጥ መሥራት እችላለሁ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አልጫ፣ ፓስታ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። እንጀራ ግን ሁሌም እናቴ ናት የምትጋግረው። ለኩሽና ብቻ ብዬ ያስቀመጥኩት 15 ሺህ ብር አለኝ። እናቴ የምትዘረዝርልኝ ዕቃ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለድግስ ነው የሚመስለው፤ ጓደኞቼ ደግሞ ባለብዙ ፍሬ የድስት ስብስብ (ሴት) ገዝተሽ ገላገል በይ ይሉኛል። ምጣድ ግድ ነው? ስንት ድስት ይበቃኛል? ከየትስ ልግዛ? በተለይ ከከተማው ዳር ብቻችሁን የምትኖሩ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።

የቱሉዲምቱ_ነዋሪ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከድስቱ በፊት ስለ ውሃው አስቢ። በእኛ በኩል ውሃ በሚመጣበት ሰዓት አንቺ ሥራ ላይ ልትሆኚ ትችያለሽ። ብትኖሪም ታች ያሉት ሁሉ ሲቀዱ ግፊቱ ይቀንስና አራተኛ ፎቅ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢያንስ አራት ያስፈልግሻል፣ ቦታ ካለሽ ደግሞ ክዳን ያለው በርሜል ጨምሪ።

ጀሪካን ስትገዢ ከፍተሽ አሽትቺው። የዘይት ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይለቃል፤ የጋዝ ወይም የኬሚካል ሽታ ካለው ግን በነጻ ቢሰጡሽም አትቀበዪ። አንዱን ለመጠጥ ብቻ ለዪውና ምልክት አድርጊበት። የሚጠጣ ውሃ በርሜል ውስጥ አስቀምጦ በጣሳ እየጠለቁ መቅዳት ጥሩ አይደለም፣ እጅ የነካው ነገር ሁሉ ይገባበታል። ታች ላይ ቧንቧ ያለው ባልዲ ይሸጣል፣ እሱን ግዢ። ውሃው ቀናት ከቆየ አፍይው፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ከፋርማሲ ገዝተሽ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሪበት።

ሌላው ሳፋ ነው። ሁለት ይሁን፣ አንዱ በሳሙና ማጠቢያ አንዱ ማለቅለቂያ። ውሃ በጠፋ ሰሞን ቧንቧ ከፍቶ ዕቃ ማጠብ የሚባል ነገር የለም። ያለቀለቅሽበትን ውሃ ለሽንት ቤት ታደርጊዋለሽ። እነዚህ ሁሉ ፕላስቲክ ስለሆኑ ሰፈርሽ ውስጥ ታገኛቸዋለሽ፣ ለነሱ ብለሽ መርካቶ አትድከሚ።

ሽቦና_ብሬከር፦

የምጣዱን ጉዳይ ለእኔ ተይው፣ የቤት ኤሌክትሪክ ነው ሥራዬ። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍዪው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ከሱቅ የሚገዛው ማከፋፈያ ደግሞ ብዙው 10 አምፔር ነው፣ ማለትም 2200 ዋት። ስለዚህ ምጣድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ መጋገር እሳት መጥራት ነው። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሽታው ሲመጣ ነው ሰው የሚነቃው። ምድጃም ቢሆን አንዱ ዓይን ከ1000 እስከ 2000 ዋት ስለሚወስድ ሁለት ዓይን አንድ ላይ ማከፋፈያ ላይ አይሰካም። ምድጃ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ ይሰካ፣ ማከፋፈያው ለስልክና ለፍሪጅ ይሁን።

ምጣድ የግድ ከፈለግሽ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመር ይዘርጋለት። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ እና አርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ። አርዙን አደራ። የምጣዱ አካል ብረት ነው፣ አንቺ ደግሞ ሊጥ በነካ እርጥብ እጅ ነው የምትነኪው። አንድ ሶኬት ብቻ ያለው ኩሽና ይህ መስመር የተዘረጋለት አይመስለኝም። ምጣዱን ከመግዛትሽ በፊት አከራይሽን አናግሪያቸው፣ ወጪውን ማን እንደሚችልም ያኔውኑ ተነጋገሩ።

ጎሮ_ሴት፦

ምጣድ አሁን አትግዢ። ለአንድ ሰው ሊጥ አብኩቶ ቀናት ጠብቆ መጋገር ከሥራ ጋር አድካሚ ነው። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ዕቃ ስቱዲዮ ውስጥ የት እንደሚቀመጥም አስቢው። ብሎክሽ ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት አትጠፋም፣ ደንበኛ ሁኚ። በሁለት ቀን አንዴ ጥቂት ጥቂት ውሰጂ፣ ብዙ ገዝተሽ አታስቀምጪ፣ ይሻግታል። ስታስቀምጪውም ትኩሱን በፌስታል አትጠቅልዪ፣ ከበረደ በኋላ ይሁን።

ባለ_ምጣድ፦

በዚህ አልስማማም። ዛሬ የእንጀራ ዋጋ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ብቻዬን ነኝ፣ ቅዳሜ ጋግሬ ግማሹን ፍሪጅ አስገባለሁ፣ ድፎ ዳቦም እደፋበታለሁ። የሳይቶቹ ኮሚናል፣ ማለትም የነዋሪዎች የጋራ መገልገያ ቤት፣ ለዚህ ለዚህም ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያንቺ ሳይት ላይ ካለና የሚሠራ ከሆነ እዚያ መጋገር እንደሚቻል ጠይቂ፣ ቤትሽንም ጭስና እንፋሎት አይነካውም። በመስመሩ ጉዳይ ግን ባለሙያው ልክ ነው፣ እሱ ሳይስተካከል ምጣድ አይታሰብም።

እማማ_ድስት፦

ልጄ፣ እናትሽ ያለችሽን አትናቂ፣ ግን ሁሉንም አሁን አትግዢ። የድስት ሴት የሚሉሽን ተያቸው። ከዚያ ሁሉ ፍሬ የምትሠሪበት ሁለቱን ነው፣ የቀረው አቧራ ይጠጣል። የእኛ ወጥ ሽንኩርት በማቁላላት ነው የሚጀምረው፣ ዘይት ሳይገባ በደረቁ። ስስ ድስት ላይ ሽንኩርቱ ሳይበስል ያርራል፣ ከዚያ በርበሬው ሲገባ ይመራል። ስለዚህ ገንዘብሽን ታቹ ወፍራም የሆነ አንድ ጥሩ ድስት ላይ አውዪው፣ መካከለኛ ይሁን፣ የሁለት ቀን ወጥ የሚይዝ። ሁለተኛው ትንሽ ይሁን፣ ለፓስታና ለሩዝ። ጿሚ ከሆንሽ ደግሞ የጾሙንና የፍስኩን ከአሁኑ ለዪ። ረቡዕና ዓርብ ሲመጣ ቅቤ የገባበትን ድስት መፈግፈግ ያሰለቻል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ለሽሮ ትንሽ የሸክላ ድስት ጨምሪ፣ ዋጋውም አይከብድም፣ ሽሮው ገበታ ላይ ቀርቦም ሲንተከተክ ይቆያል።

ሸክላ ስትገዢ በጣትሽ ኳ ኳ አድርጊው። ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰማሽ ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። ሳታሟሺው እሳት ላይ አትጣጂው። ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ቀጨኔ አሉ፣ ሾላ ገበያም ታገኛለሽ፤ ለአንቺ ግን አቃቂ ገበያ ይቀርብሻል፣ መጀመሪያ እዚያ እይ።

ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራውን ርካሽ ድስት ግን ተጠንቀቂ። ምን እንደተቀላቀለበት ገዢም ሻጭም አያውቅም። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንዲህ ያለው ድስት ሲመረመር እርሳስ ተገኝቶበታል፤ ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ጎምዛዛ ነገር ሲበስልበት ደግሞ ይብሳል።

ቢላ አንድ ይብቃሽ፣ ግን ጥሩ ይሁን፣ ከነሞረዱ። መክተፊያ ሁለት፣ ጥሬ ሥጋ የከተፍሽበት ላይ ሰላጣ አይከተፍም። ማማሰያ፣ ጭልፋ፣ መጥበሻ፣ ወንፊት፣ ጥቂት ሳህንና ብርጭቆ። ጀበናና ሲኒ ካማረሽ ግዢ፣ ብቻሽን ብትሆኚም ጎረቤት ቡና መጥራትሽ አይቀርም። በርበሬና ሽሮ ከሱቅ እንዳትገዢ፣ ከእናትሽ ውሰጂ። ክዳኑ ግጥም የሚል ዕቃ ብቻ አዘጋጂላቸው።

አዲስ_ተከራይ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ምጣዱን አቆይቻለሁ፣ ድስቱንም እንዳላችሁኝ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ መብራት ሲጠፋ በምን ላብስል? ከሰል ምድጃ ልያዝ ወይስ ቡታጋዝ? ባልኮኒ አለኝ፣ ትንሽ ናት።

የቱሉዲምቱ_ነዋሪ፦

ባልኮኒ ካለሽ ከሰሉ ይሻልሻል፣ ላቀች ምድጃ ግዢ። ውስጡ ሸክላ ስላለው ሙቀቱን ይይዛል፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ነው የሚበላው። ቡታጋዝ ፈጣን ነው፣ ግን ሲሊንደሩን ማስሞላትና አራተኛ ፎቅ ማውጣት አለ፣ ለመጠባበቂያ ብቻ ከሆነ ብሩ ይበዛብሻል። ፔርሙስም ያዢ፣ መብራት ሲኖር ውሃ አፍልተሽ ትሞዪዋለሽ፣ መብራት ቢጠፋም ሻይ አታጪም።

እማማ_ድስት፦

ከሰሉ ባልኮኒ ላይ ብቻ ይሁን ልጄ፣ በዚህ ድርድር የለም። ክረምት ላይ ኮዬ በጣም ይበርዳል። ሰው ወጥ ሠርቶ ሲጨርስ ፍሙ ለምን ይባክናል ብሎ ምድጃውን ወደ ቤት ያስገባና በር ዘግቶ ይተኛል። የከሰል ጢስ እኮ በዓይን የሚያዩት ጭስ አይደለም። መርዙ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ነው የሚሞተው። በየክረምቱ የምንሰማው ነው። ሠርተሽ ስትጨርሺ ፍሙን አመድ አልብሺው ወይም ውሃ አርከፍክፊበትና እዚያው ውጭ ተዪው። ሲበርድሽ ብርድ ልብስ ደርቢ።

ሽቦና_ብሬከር፦

እኔም አንድ ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ምድጃውን ከሶኬት ንቀዪው፣ በማጥፊያው ብቻ አትተማመኚ። ምድጃው በርቶ እንደነበር ረስተሽ ሥራ ብትሄጂ መብራቱ ሲመለስ ባዶ ቤት ውስጥ ይግላል። ፍሪጅ ስትገዢም መከላከያ ያድርጉልሽ፣ መብራት ሲመለስ ኃይሉ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሞተሩን የሚያቃጥለውም እሱ ነው።