አሮጌ ባንድ ሶው በቤት መብራት ማስነሳት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ። ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት አካሉ ድፍን ብረት የሆነ፣ የመንኮራኩሩ ዲያሜትር 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አሮጌ ባንድ ሶው (በሁለት መንኮራኩሮች ላይ በሚዞር ቀለበት ስለት እንጨት የሚቆርጥ ማሽን) ገዛሁ። ዝገቱ ላይ ላዩን ነው፤ ጠረጴዛውን በናፍጣና በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው አበራ። ነገር ግን ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ነው፤ የቤቴ መብራት ደግሞ ነጠላ ፌዝ፣ 220 ቮልት። የመንኮራኩሮቹ ጎማም ተሰነጣጥቋል። ሞተሩን ልለውጥ? ይህን የመሰለ ብረት ለቁራሌው መስጠት አልፈልግም።

ምላሽ፦
ወንድሜ፣ አትቸኩል። የሞተሩን ሰሌዳ አንብብ። 220/380 ቮልት የሚል ከሆነ በዴልታ (የሞተሩን ሦስት ጥቅሎች በሦስት ማዕዘን በማገናኘት) አሳስረህ፣ ነጠላ ፌዝ ተቀብሎ ሦስት ፌዝ በሚያወጣ የፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ታስነሳዋለህ። 380/660 ከሆነ ግን በዚህ መንገድ ጉልበት አያገኝም።

ምላሽ፦
ልጄ፣ እኔ ስለ ጎማው ልንገርህ። መሃሉ በጥቂቱ ጎበጥ ማለት አለበት፤ ስለቱ ከመንኮራኩሩ እንዳይወጣ የሚይዘው እርሱ ነው። አሮጌውን ፍቀህ አውጣ፣ አዲሱን በማስቲሽ ለጥፍና ጉብታውን በብርጭቆ ወረቀት አውጣለት። ኩሽኔታዎቹን በእጅህ አዙር፤ የሚንኮሻኮሽ ካለ ይለወጥ። ስለቱን መጀመሪያ ስታስገባ ሶኬቱን ነቅለህ፣ መንኮራኩሩን በእጅህ እያዞርክ የላይኛውን መንኮራኩር ዘንበል ቀና በማድረግ አስተካክል። ጣት አይተካምና ይህን አደራ እልሃለሁ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ሰሌዳው 220/380 ይላል! የስለቱን ርዝመት እንዴት ልለካ?

ምላሽ፦
የስለቱን መወጠሪያ መሃል ላይ አድርገህ፣ ከአንዱ መንኮራኩር መሃል እስከ ሌላው መሃል ለካ። ያንን በ2 አባዛና 188 ሳንቲ ሜትር ተኩል (የ60 ሳንቲ ሜትሩን መንኮራኩር ዙሪያ) ጨምር። ርቀቱ 110 ከሆነ 408 ተኩል ይመጣል።