ሥራው ወድቆ ስኬጁለሩ አረንጓዴ ያሳየኛል

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ተቋም ነው የምሠራው። የቀኑን ሒሳብ የሚዘጋው ፕሮግራም ኩበርኔትስ (ፕሮግራሞችን በሰርቨሮች ላይ የሚያስኬድ ሲስተም) ላይ ነው ያለው። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስጀምረው ስኬጁለራችን ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ባለው ኤጀንት (ትእዛዙን በሚያስፈጽምለት ፕሮግራም) በኩል ኩብሲቲኤልን (ኩበርኔትስን የምናዝበትን መሣሪያ) ጠርቶ ያስነሳዋል።

መጀመሪያ ኩብሲቲኤል ሎካልሆስት 8080 ላይ መገናኘት አልቻልኩም እያለ አስቸገረኝ። ኤጀንቱ የሚሠራው በራሱ ዩዘር ስለሆነ ኩበርኔትሱ የት እንዳለ የሚናገረውን የእኔን ኮንፊግ ፋይል አያየውም ነበር፤ ኩብኮንፊግ በሚባለው ቫሪያብል የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስሰጠው ተፈታ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ክሬት ጆብ የሚለው ትእዛዝ ሥራውን ያስመዘግብና ወዲያው 0 (ተሳክቷል ማለት ነው) መልሶ ይወጣል። ስኬጁለሩም 0 ሲያይ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ፖዱ (ኩበርኔትስ ውስጥ ፕሮግራሙ የሚሮጥበት ክፍል) ገና ሥራውን ሳይጨርስ። ማክሰኞ ሌሊት ፖዱ ወድቆ ጠዋት ስገባ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፣ ሒሳቡ ግን አልተዘጋም። ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘው እስከ 5 ሰዓት መስኮቱ ጋ ቆመው ጠበቁ። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አሁን ሥራው ያለበት ሁኔታ እስኪለወጥ የሚጠብቀውን ዌይት የሚለውን ትእዛዝ ኮምፕሊት (ተሳክቶ አለቀ) ብዬ፣ ከ40 ደቂቃ ታይምአውት ጋር ጨምሬያለሁ። ሲሳካ ጥሩ ነው። ሲወድቅ ግን፣ ኮምፕሊትና ፌይልድ (ወደቀ) የተለያዩ ኮንዲሽኖች (የሥራው ሁኔታዎች) ስለሆኑ፣ 40 ደቂቃው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ባክኦፍ ሊሚቱን (ሲወድቅ ስንት ጊዜ እንደገና እንደሚሞክር የሚወስነውን) ከ6 ወደ 1 ባወርደውም ለውጥ የለም። ሁለት ዌይት ጎን ለጎን ሳስነሳ ደግሞ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ኤጀንቱም ሥራው አላለቀም ብሎ ይይዘዋል።

ሁለቱንም ኮንዲሽን እኩል ጠብቆ፣ ሥራው እንደወደቀ ከ0 የተለየ ኮድ ለስኬጁለሩ የሚመልስ ስክሪፕት እንዴት ነው የምትጽፉት?