ሜታሊካ ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር፦ ቫዮሊኖቹ የት ነው የሚጠፉት?

ዜማ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሜታል ባንዱ ሜታሊካ ከሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ላይቭ የቀዳውን «ኤስ ኤንድ ኤም» የተባለ አልበም ሰሞኑን ደጋግሜ እየሰማሁ ነው። በጣም ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። «ኖ ሊፍ ክሎቨር» የሚለው ዘፈን ላይ ኦርኬስትራው ጥርት ብሎ ይሰማል። መጨረሻ ላይ «ባተሪ» ሲመጣ ግን ቫዮሊኖቹ ድምጥማጣቸው ይጠፋል። አንዳንዴ ብቅ ይሉና ወዲያው ጊታሩ ይውጣቸዋል። ሄድፎን ቀይሬ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ችግሩ ቀረጻው ነው ወይስ ቅንብሩ? ሙዚቃ የምትጫወቱ ካላችሁ እስኪ አስረዱኝ።

ድራም ወዳድ፦
ቀረጻው ምንም አልሆነም። የሜታል ኮንሰርት ነው ወንድሜ፤ ጊታር ፊት መሆን አለበት።

ቼሎ ተጫዋቿ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጆሮህም አላታለለህም። እኔ ቼሎ (ከቫዮሊን የሚተልቅ፣ ድምፁም ወፈር ያለ ባለ ክር መሣሪያ) እጫወታለሁ፤ ይሄ ነገር በደንብ ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ጊታሩን እንይ። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ኤፌክት) የገባበት ጊታር ድምፁ ይወፍራል፣ ይሰፋል። አንድ ክር ሲመታ ከዋናው ኖታ በላይ ብዙ ተደራራቢ ድምፆች ይወጣሉ። የቫዮሊን ዝቅተኛው ድምፅ 196 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ያለውን ቦታ ጊታሩ ቀድሞ ሞልቶታል። የኔ ቼሎ እስከ 65 ኸርዝ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ቤዝ ጊታሩና ትልቁ ከበሮ ይጠብቁታል። ሌላም አለ። የቫዮሊን ሕይወቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው፤ በቀስታ ይጀምራል፣ ያድጋል፣ ይከስማል። ዲስቶርሽን ግን ድምፁን እኩል አድርጎ ስለሚይዘው ፋታ አይሰጥም።

ላይቭ ሲሆን ይብሳል። ለቫዮሊን የተተከለ ማይክ ድራሙንም ይሰማል። ሚክስ የሚያደርገው፣ ማለትም ድምፆቹን የሚያመጣጥነው ሰው ቫዮሊኑን ከፍ ሲያደርግ ድራሙም አብሮ ከፍ ይላል። እኔም ድራም አጠገብ ተቀምጬ ተጫውቻለሁ። ያን ጊዜ የራሴን ቼሎ የምከታተለው በጆሮዬ ሳይሆን በጣቴ ነው፤ የክሩን ንዝረት ነው የምይዘው።

አሁን ወደ ቅንብሩ። አቀናባሪውም የኦርኬስትራው መሪም ማይክል ኬመን ነው። ከባንዱ ጋር አዲስ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ናቲንግ ኤልስ ማተርስ» ላይ የምንሰማውን ኦርኬስትራ ያቀናበረውም እሱ ነው። ለኤፕሪል 1999ኙ የበርክሌይ ኮንሰርት ሲጽፍ ጊታሩን በቫዮሊን መድገም አልፈለገም። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዜማ ነው ያስገባው። ሪፉ (ጊታሩ ደጋግሞ የሚመታው አጭር ሐረግ) አንድ ነገር ሲል ጥሩምባዎቹ ሌላ ነገር ይመልሳሉ። ዘፈኑ ዝግ ካለ ሁለቱም ይሰማሉ። «ባተሪ» ግን ይሮጣል። በ1986 ሲወጣ ለአራት ሰው ባንድ የተሠራ ዘፈን ነው፤ ለሌላ መሣሪያ የተተወ ቦታ የለውም።

«ኖ ሊፍ ክሎቨር» ለዚያ ኮንሰርት ተብሎ የተጻፈ አዲስ ዘፈን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኦርኬስትራው ቀድሞ ይጀምራል። ከባዱ ጊታር ሲገባ ዜማው ጆሮህ ውስጥ ተቀምጧል፤ በከፊል ቢሸፈን እንኳ ጆሮህ አይለቀውም። «ባተሪ» ላይ ግን ከጩኸቱ መሃል አዲስ ዜማ ፈልገህ ማግኘት አለብህ።

አሁን «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን ክፈትና መሃሉን ስማ። ጊታሩ ዲስቶርሽኑን ጥሎ ለስለስ ሲል ኦርኬስትራው እንዴት እንደሚወጣ ታያለህ። «ዘ ኮል ኦፍ ክቱሉ»ም አለ። ዘፋኝ የለበትም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገነባው። በ2001 ግራሚ ያገኘው ይሄ ቅጂ ነው። ለኔ የአልበሙ ምርጥ ሥራ እሱ ነው፤ በዚህ አልደራደርም!

ድራም ወዳድ፦
እህቴ፣ በደንብ አስረዳሽኝ። «ባተሪ» ላይ ግን አልስማማም። የኮንሰርቱ መዝጊያ ነው። ባንዱም ኦርኬስትራውም ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሲመታ ያ ግፊያ ራሱ ልብ ይነካል። እያንዳንዱን ቫዮሊን ለይቼ መስማት አያስፈልገኝም።

ዜማ ፈላጊ፦
የ«ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን መሃል አሁን ሰማሁት። እውነትሽን ነው! ከዚህ ቀጥሎ ምን ልስማ? ከሲምፎኒው ጋር ያደረጉት ሁለተኛው ኮንሰርት ይሻላል?

ቼሎ ተጫዋቿ፦
ይሻላል አልልም፣ ግን ስማው። በሴፕቴምበር 2019 ሳን ፍራንሲስኮ ቼዝ ሴንተር ውስጥ ነው የተቀዳው። ኬመን በ2003 ስላረፈ በዚህኛው የለም። እዚያ ላይ እንዳያመልጥህ የምፈልገው አንድ ቦታ አለ። በ1986 በአውቶቡስ አደጋ የሞተው የባንዱ ቤዚስት ክሊፍ በርተን የታወቀ ሶሎ አለው። የኦርኬስትራው ስኮት ፒንጄል ያንን ሶሎ በኤሌክትሪክ ደብል ቤዝ ይጫወተዋል። በርተን የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲውን ባክን በጣም ይወድ ነበር። ስለዚህ ከኦርኬስትራ ሰው እጅ መስማቱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ተመለስና የሮክ ባንዱ ዲፕ ፐርፕል በ1969 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ያቀረበውን ስማ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ጆን ሎርድ ለባንድና ለኦርኬስትራ ብሎ የጻፈው ባለ ሦስት ክፍል ኮንቸርቶ (ረጅም የኦርኬስትራ ድርሰት) ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሁለቱ ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ ተራ በተራ ነው የሚገቡት። ስለዚህ እዚያ ቫዮሊን አይጠፋብህም። ሁለተኛው ክፍል ከከበደህ ደግሞ እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እንሰማዋለን።