የሹራብ ሥዕል ለዐውደ ርእይ፦ በእጅ ወይስ በማሽን?

ልቃቂት፦ ሰላም ለሁላችሁ። 1.5 በ2 ሜትር የሆነ የግድግዳ ሹራብ እያዘጋጀሁ ነው። ጉዳዩ ሴቶች ያለ ክፍያ የሚሠሩት የቤት ውስጥ ሥራ ሲሆን የካውያ ምስል ይደጋገምበታል። የሙከራው ቁራጭ ግን ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ሲሰቀልም ወደ ታች ይረዝማል። በእጅ ልሥራው ወይስ በማሽን? ለትርጉሙስ ልዩነት አለው?

ድርና_ማግ፦ አለው እንጂ! ጀርመናዊቷ አርቲስት ሮዘማሪ ትሮክል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሹራብ ሥዕሎቿን በማሽን ያሠራችው ሆን ብላ ነው። ንድፉ በኮምፒዩተር ወጥቶ ሹራቡ እንደ ሸራ ፍሬም ላይ ሲወጠር የእጅ ዱካ ይጠፋል። ያኔ ሹራብ የሚናቀው በክሩ ነው ወይስ በአሠራሩ የሚለው ጥያቄ ራቁቱን ይቀራል። ያንቺ ጉዳይ ግን ያልተከፈለ ሰዓት ስለሆነ በእጅ ሥሪው እላለሁ። ሒሳቡን ተመልከች፦ በ10 ሳንቲሜትር 18 ዓይንና (ዓይን ማለት አንዷ የክር ቀለበት ናት) 24 ረድፍ ካለ፣ ጠቅላላው 270 በ480፣ ማለትም 129,600 ዓይን ነው። በደቂቃ 20 ዓይን ብትሠሪ 108 ሰዓት ይፈጃል፤ ቀለም መቀያየሩ ደግሞ ይጨምርበታል። ሰዓቱን መዝግቢና ከሥራው ጎን በጽሑፍ አኑሪው።

ባለመርፌ፦ ወደ አሠራሩ ልግባ። ልሙጥ ሹራብ የሚጠቀለለው ዓይኖቹ በሙሉ ወደ አንድ ፊት ስለሚስቡ ነው፤ በካውያ አይድንም። በአራቱም ጠርዝ ከ5 እስከ 6 ዓይን ያህል ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት የሆነ ዳር ሥሪለት።

ንድፉን እኩል ካሬ ባለው ወረቀት ላይ እንዳትስዪ! 18 ዓይን በ18 ረድፍ ሲሠራ 10 በ7.5 ሳንቲሜትር ነው የሚወጣው፤ ካውያው ይደፈጠጣል። የካሬው ቁመት ከወርዱ ሦስት አራተኛ ይሁን።

ሁለቱን ቀለም በየረድፉ ይዘሽ ከሄድሽ ደግሞ ከጀርባ የሚያልፈው ክር ከ5 ዓይን በላይ ሲዘልል ጨርቁን ይሰበስበዋል። ካውያው ሰፊ ስለሆነ ለእያንዳንዱ የቀለም ቦታ የራሱን ትንሽ ልቃቂት ስጪው፤ ቀለም በሚገናኝበት ላይ ክሮቹን አጠላልፊ፣ አለዚያ ቀዳዳ ይቀራል።

ለመርዘሙ መድኃኒቱ መወጠር ነው። ሹራቡን ከፍሬሙ ከ5 እስከ 8 በመቶ አሳንሰሽ ሥሪ፤ ከጀርባው የጥጥ ጨርቅ አድርገሽ በየ15 ሳንቲሜትሩ በስፌት ያዢው። ጨርቁን ፍሬሙ ላይ የሚይዘው ስቴፕል (የሽቦ ማያያዣ) ጨርቁን እንጂ ክሩን አይንካ፤ አንድ ክር ከተበጠሰ ዓይኖቹ ተከታትለው ይተረተራሉ። ጥጥ ክር ከባድ ነው፣ ተለጥጦም አይመለስም፤ ሱፍ ይሻላል።

ልቃቂት፦ ፍሬም ባልጠቀምስ? የሹራብነቱ ልስላሴ እንዲታይ እፈልጋለሁ።

ድርና_ማግ፦ ይቻላል። አርቲስቷ ፌይዝ ዊልዲንግ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ሎስ አንጀለስ በ«ዉመንሃውስ»፣ ሴት አርቲስቶች በአንድ ቤት ውስጥ ባዘጋጁት ዐውደ ርእይ፣ በኪሮሽ ክፍል ሙሉ ስትሠራ ክሩ እንዲንጠለጠል ነው የተወችው። አንቺ ከላይ 6 ሳንቲሜትር እጥፍ ሰፍተሽ የእንጨት ዘንግ አስገቢበት። ከጀርባው በየ30 ሳንቲሜትሩ የጥጥ ጥብጣብ ከላይ እስከ ታች ስፊ፤ ክብደቱን ዓይኖቹ ሳይሆኑ ጥብጣቡ ይሸከማል። ከመስፋትሽ በፊት ሹራቡን ለሁለት ቀን ሰቅለሽ አቆዪና የረዘመውን ለኪ።