«ዓርብ ሚድናይት» ሲባል የትኛው ሌሊት ነው?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ በውስጥ መስመር የምትጨቃጨቁበትን እዚሁ እንየው። አንድ የውጭ ስኮላርሺፕ «ማመልከቻ ዓርብ ሚድናይት ይዘጋል» ይላል። ግማሾቻችሁ ሐሙስ ማታ ያበቃል ትላላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ዓርብ ሙሉ ቀን አለን። እዚህ አገር ማስታወቂያ የሚያወጡትስ በዚህ ቃል ቀነ ገደብ ይቁረጡ ወይስ ይተዉት?

ከሐዋሳ፦ ምኑ ያጨቃጭቃል? ዓርብ ትውላለህ፣ ታመሻለህ፣ ከዚያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለእኛ ነዋ ወንድሜ! ስልክህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 12:00 ኤኤም ብሎ ቀኑን ይቀይርብሃል። «ዓርብ 12:00 ኤኤም» ካሉህ ሐሙስ አምሽተህ የምታገኘው ነው። ዓርብ አምሽተህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ብትልከው ቅዳሜ ገባ ማለት ነው።

ከሪያድ፦ እኛ ጋ ደግሞ የጁምዓ ሌሊት የሚገባው ሐሙስ መግሪብ ላይ ነው።

ጡረተኛው ጠበቃ፦ ልጆች፣ እንግሊዝኛው ራሱ አልለየለትም። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት የሚሉት፣ ሚድናይት ያለፈውን ቀን ይሁን የሚመጣውን ስለማይለይ በውልና በኢንሹራንስ ሰነድ ላይ 11:59 ፒኤም ወይም 12:01 ኤኤም ተብሎ ይጻፍ ይላል። አንዷ ደቂቃ ክርክሩን ትዘጋዋለች። እኛ ግን ጥንትም መፍትሔ ነበረን፦ «ሐሙስ ሌሊት፣ ለዓርብ አጥቢያ»። ሁለቱም ቀን ተጠርቷል፤ ማን ይሳሳታል? እንዲህ ያለ አነጋገር እያለን ማስታወቂያ ላይ «ሚድናይት» መለጠፍ ስንፍና ነው።

ተማሪ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በእኔ ዕድሜ «አጥቢያ» ሲባል የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የሚመስለው ሞልቷል። ደግሞ ፎርሙን ኮምፒዩተር ነው የሚዘጋው። «ዓርብ ከምሽቱ 5:59» ቢባል አይሻልም?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ 5:59ኙን ተቀብያለሁ። አጥቢያን ግን ስላላወቃችሁት አትጣሉት። የፋሲካ ጾም የሚፈታው ለእሑድ አጥቢያ አይደል? ቅዳሜ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ የበላ ሰው ቅዳሜ ፈሰከ ይባላል እንዴ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ 😂 ጋሼ አሸነፉ።

ከቨርጂኒያ፦ ቆይ፣ የማን ሚድናይት ነው? የዋሽንግተን ከሆነ፣ ዓርብ ሲያልቅ አዲስ አበባ ቅዳሜ ጠዋት ነው፦ በክረምታችን 2 ሰዓት፣ በበጋው ሰዓት ሲቀየር 1 ሰዓት። እዚህ ክረምት የምንለው ታኅሣሥና ጥር ነው፤ የናንተን ክረምት እንዳትይዙ። ፎርሙ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ይላል?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ አይልም። ኢሜይል ጽፌላቸዋለሁ። እስኪመልሱ ግን ሐሙስ ከመምሸቱ በፊት አስገቡ።

ከሐዋሳ፦ እኔ ዓርብ ነው የማስገባው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሪከመንዴሽንህ ደርሶሃል ለመሆኑ?

ከሐዋሳ፦ ገና።