ተማሪዎችን ለሥራ ልምምድ የላካችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ለአጭር የሥራ ልምምድ መሥሪያ ቤት ማስገባት ፈልጌ መላው ጠፍቶኛል። ደብዳቤ ይዤ ስሄድ "እናያለን" ይሉኛል፣ ከዚያ ዝም። የተቀበሉትም ልጆቹን ፎቶኮፒ ማሽን አጠገብ ገትረው ያውሏቸዋል፣ ይሄ ልምምድ ነው እንዴ?

አንዷ ተማሪዬ የእንስሳት ሐኪም መሆን ነው የምትመኘው፣ ክሊኒኩ ግን ዕድሜዋ ከ18 በታች ስለሆነ ጉዳት ቢደርስባት ማን ይጠየቃል ብሎ መለሳት፣ እውነት ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነው። ከወላጅ ፈቃድ ሌላ ምን ወረቀት ታዘጋጃላችሁ? ልጆቹ የሚሠሩትን ቀድማችሁ በጽሑፍ ትስማማላችሁ ወይስ በቃል?

ዓይን አፋሮቹንስ ደውሎ ራስን ማስተዋወቅ እንዴት አለማመዳችኋቸው? የሚሉትን ጽፌ ብሰጣቸው እንደ ዜና አንባቢ ያነበንቡታል። ናሙና ቅጽ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።